ብርቄ ያየችው

ብርቄ ከእንቅልፏ እንደ ተነሣች ዓይኗን እያሻሸች ወደ እናቷ ሮጠችና ልትስማት አፏን አሞጠሞጠች። እናቷ ይታይሽ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ በክርኗ ገፋ አደረገቻት። ግፊያው ኃይል አልነበረውም፤ የሁለት ዓመት ከአምስት ወር ልጅ ግን ምን አቅም አላት፣ በቂጧ ዘጭ አለች። አላለቀሰችም። እዚያው እንደ ተቀመጠች ሁለት እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ እናቷን ከእግር እስከ ራሷ ቃኘቻትና፣ አክስቷ አስካለ ገበያ ላይ የማይቀመስ ዋጋ ስትሰማ እንደምትለው፣ ራሷን እየነቀነቀች «ወይ ጊዜ!» አለች።

አባቷ ቸኮል በሩ ላይ ቆሞ ይህን ሁሉ አየ። ሳቁ አመለጠው፤ ነገር ግን ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ ሳቁን ገታው። ይታይሽ ፊቷን ሳትመልስ የውኃ ጣሳዋን አንሥታ ወደ ጓሮ ወጣች። እኅቱ አስካለ ምድጃው ዳር እንዝርቷን እያሾረች ቀና እንኳ አላለችም። ይቺን አይቶ የማይስቅ ምን ዓይነት አንጀት ነው ብሎ ሊጠይቅ ፈለገ፤ ማንን እንደሚጠይቅ ስላላወቀ ልጁን ከመሬት አንሥቶ የቀሚሷን አቧራ አራገፈላት።

ቤቱ ከመካነ ኢየሱስ ገበያ ጀርባ ያለ፣ ሁለት ክፍል ብቻ ያለው የጭቃ ቤት ነው። በውስጠኛው ክፍል ባልና ሚስት ይተኙበት የነበረው መደብ አለ፤ በፊተኛው የአስካለ መደብና የእህል ጎታ። ከኅዳር ወዲህ ግን የቤቱ ሥርዓት ሁሉ ተለዋውጧል። ይታይሽ በአንድ ቀን ልጅቷን ጡት አስጣለቻት። መኝታዋን ከባሏ ለይታ በሩ ሥር አጎዛ ዘረጋች። ስለት አለብኝ ብላ ከገበታ ቀረች፤ እህሏን ለብቻዋ በጣባ፣ ውኃዋን ለብቻዋ በጣሳ አደረገች። ብርቄም ከአክስቷ ጋር ትተኛ ተባለ። ቸኮል አንድ ሰሞን ጠየቀ፤ «ተወኝ፣ ስለት ነው» ከሚል በቀር መልስ አላገኘም። በሁለተኛው ሰሞን ተቆጣ። በሦስተኛው ጊዜ ነገሩን በራሱ መንገድ ፈታው፦ ይታይሽ ከስማዳ ወገዳ የመጣች የደኅና ባላገር ልጅ ናት፤ የልብስ ሰፊ ሚስት መሆን ሰልችቷታል፤ ወደ አባቷ አገር ስማዳ መመለስ ፈልጋ ምክንያት እየፈለገች ነው። ሰውን መጥላት ይሁን፤ ልጅን መጥላት ግን ከምን የመጣ ነው? ከብርቄ በፊት የወለዷቸው ሁለቱ ወንዶች ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሄዱት። ብርቄ የተባለችውም ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ስለሆነ ገበያው ገና ከጧቱ ሞልቶ ነበር። ቸኮል ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ አህያና በግ እያሳለፈ ወደ ገብሬ ሱቅ ወረደ። የስፌት መኪናውን የሚያቆመው በገብሬ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። መኪናው የመጣው በአስካለ በሬዎች ነው። አስካለ በአሥራ ሁለት ዓመት ትበልጠዋለች፤ ባሏ ሲሞት የደረሷትን ሁለት በሬዎች ሸጣ፣ «እኔ አላርስባቸው፤ አንተ ብላበት» ብላ ገዛችለት። ይህን አንድ ቀን እንኳ አንሥታበት አታውቅም፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ረስቶት አያውቅም።

ብርቄ በረንዳው ላይ የራሷ ሥራ አላት። ከመኪናው እግር አጠገብ የተቀመጠችበት ባዶ የስኳር ሣጥን ችሎቷም፣ ሱቋም፣ ቅኔ ማሕሌቷም ነው። ያየችውን ሰው ሁሉ ታስመስላለች። የወረዳው ጸሐፊ እጁን ከኋላው አጣምሮ ሆዱን አስቀድሞ እንደሚሄደው ትሄዳለች። ጨርቅ ትዳስስና አሽትታ «ውድ ነው!» ብላ ትወረውራለች። ማንን አንቱ፣ ማንን አንተ እንደሚሉ ግን ሊገባት አልቻለም፤ ወይም ገብቷት በራሷ መንገድ ወስናለች። የገብሬን ዶሮ አንቱ ትላለች። «ይብሉ እንጂ፣ እሜቴ፤ ያፍራሉ?» እያለች ጥሬ ትበትንላታለች። አባቷን ደግሞ አክስቷን ሰምታ «አንተ ቸኮል!» ትለዋለች። ቁምጣ በሃምሳ ሳንቲም የሚሰፋ ሌላም ሰው በከተማው አለ፤ ገበሬው ግን ጨርቁን ይዞ ወደ ቸኮል የሚመጣው ልጅቷን ሊያይ ነው ይባላል። ቸኮል ይህን ሲሰማ አይከፋውም። እንዲያውም ማታ ቤቱ ሲገባ ቀኑን ሙሉ ያለችውን እየለቀመ ለይታይሽ ሊነግራት ይጀምር ነበር፤ እሷ ግን «እሺ፣ እሺ» እያለች ወደ ጓሮ ትወጣለች። በዚህ ምክንያት ከጥምቀት ወዲህ መናገሩን ትቷል።

ያን ዕለት ረፋዱ ላይ የቤተ ክርስቲያኑ መሪጌታ ቀለመወርቅ የተቀደደ ካባቸውን ይዘው መጡ። ብርቄ የቸኮልን የእንጨት ሜትር ብብቷ ሥር አድርጋ እንደ መቋሚያ ተደገፈችውና፣ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ ጠርጋ፣ «እንዴት አደርክ፣ አንተ!» አለቻቸው።

መሪጌታ በሳቅ እንባቸው ወጣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሜቴ፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አሏት እጅ እየነሡ።

በረንዳው ዙሪያ ሰው ተሰበሰበ። ቀሚስ ልታሰፋ ከጋይንት በኩል የመጣች ፋንቱ የምትባል ገበሬ ሴት ቅቤዋን ሸጣ ጨርሳ ነበርና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ልጅቷን ታጫውታታለች። ጸሐፊው እንዴት ነው? ብርቄ ሆዷን አስቀደመች። አክስትሽ እንዴት ናት? ብርቄ ከንፈሯን ነክሳ በሌለ እንዝርት ፈተለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቸኮል አንገቱን ደፍቶ የካባውን ጠርዝ እየሰፋ፣ ፊቱን ሰው እንዳያይበት እየሸሸገ፣ በኩራት ያብጣል።

«እናትሽስ?» አለች ፋንቱ። «እናትሽ እንዴት ናት?»

ይህን ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብርቄ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከቸኮል እግር ሥር አንድ የአቡጀዲ ቁራጭ አነሣችና ወደ ሱቁ ግድግዳ ሄዳ ለሰው ጀርባዋን ሰጠች። በአንድ እጇ ደረቷን ያዘች። ጎንበስ ብላ፣ ትከሻዋን እያንቀጠቀጠች፣ ድምፅ በሌለው ሳል ሳለች፤ ቁራጩን አፏ ላይ አድርጋ ያዘች። ገለጥ አድርጋ ጨርቁን አየች። ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁለት ጊዜ አጠፈችው፣ አራት ጊዜ አጠፈችው፣ መቀነቷ ውስጥ ወሸቀችው፤ በሁለት መዳፏ ፊቷን ጠራርጋ ዞረችና ለሰዉ ፈገግ አለች።

«ሱረት ነው! እናትየዋ ሱረት ትስባለች!» አለ አንድ ሰው፤ ሰዉም አውካካ። ቸኮልም ከሰዉ ጋር ሳቀ። እግሩ ግን መርገጫው ላይ ቆመ። መርፌው ካባው ውስጥ እንደ ተሰካ ቀረ። ይታይሽ ሱረት አታውቅም። ጡት ማስጣሏ፣ ጣባው፣ ጣሳው፣ በሩ ሥር ያለው አጎዛ፣ ጧት የዞረው ፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተደርድሮ መጣበት። ልጁን ወደ ጉልበቱ ጎተታትና ቀስ ብሎ «ከዚያስ እማ ምን ትላለች?» አላት።

ብርቄ ትንሿን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። «እሽሽ! ላባትሽ እንዳትነግሪ!» አለች፤ ምስጢሩን አብራው የምትደብቅ መስሏት ደስ ብሏት።

ቸኮል ተነሣ። መሪጌታ ካባቸው መርፌው ላይ እንዳለ ጥሎት ሲሄድ አይተው ልጅቷን ተቀበሉት፤ ምን ሆንክ ብለው አልጠየቁትም።

ቤት ሲደርስ ሁለቱ ሴቶች በፊተኛው ክፍል ነበሩ። አስካለ ትፈትላለች፤ ይታይሽ በሩ አጠገብ ባቄላ ትለቅማለች። በመካከላቸው አምስት እርምጃ ቦታ አለ። ከዚህ በፊት ይህን ክፍተት ሲያይ ሁለት ሴቶች የተኳረፉ ይመስለው ነበር። ዛሬ ግን የተለካ ቦታ መሆኑን አየ።

«ያንን ጨርቅ አምጪው» አለ።

«የምን ጨርቅ?»

«መቀነትሽ ውስጥ ያለውን።»

ይታይሽ እጇ ወደ መቀነቷ ሄደ፤ መልስ ከመስጠቷ በፊት ግን ወደ አስካለ አየች። ቸኮል ያቺን አስተያየት አየ። ጨርቁን ሳያይ ነገሩ ሁሉ ገባው።

«እታባ፣ አንቺም ታውቂ ኖሯል?»

አስካለ እንዝርቷን አላቆመችም። «ከኅዳር ሚካኤል ጀምሮ» አለች።

ጨርቁ ላይ ያለው ደም ሦስት ዓይነት ነበር፤ የደረቀ፣ የጠቆረ፣ የዛሬ ጧት። ቸኮል እጁ ላይ ይዞት ቆመ። ይታይሽ ተነሥታ ቀማችው፤ «አትንካው» አለች።  አስካለ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አስተኛችው።

«ልትነግርህ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ» አለች። «መኪናውን ትሸጣለህ። አውቅሃለሁ፤ በማግስቱ ትሸጠዋለህ። እሷም ላትድን፣ መኪናውም ላይኖር፣ ልጅቷ ምን ትበላለች? ደግሞ በቸኮል ቤት የሳምባ በሽታ አለ ከተባለ ማን ነው ልብሱን ላንተ ሰጥቶ የሚለብስ? አትንገሪው፣ ልጅቷንም አትንኪ፤ እዚሁ ኑሪ፣ አላስወጣሽም አልኳት። የተባለውን አደረገች።» እንዝርቷን መልሳ እያነሣች ጨመረች። «ከተባለውም በላይ አደረገች።»

ቸኮል እኅቱን አያት። ክፉ ሰው ብትሆን ይሻለው ነበር። ወደ ሚስቱ ዞረ። «እኔን መግፋትሽስ ይሁን። ልጅቷ ስትጫወት መሳቅ እንኳ? መሳቅ ምን ያደርጋል?»

ይታይሽ ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየችው። የጉንጯ አጥንት እንዲህ መውጣቱን እንዴት ሳያይ ሦስት ወር እንደ ኖረ ገረመው። «ካየኋት እስቃለሁ» አለች። «ከሳቅሁ ያስለኛል። ሳስል ደግሞ ምን ሆንሽ ብላ ወደኔ ትሮጣለች። ስለዚህ አላያትም። አንተም የምትነግረኝን አልሰማም። ጓሮ የምወጣው ለዚህ ነው፤ አንዳንዴ የምትለውን ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ እሰማና እስቃለሁ።»

ቸኮል ሚስቱን በቀጥታ ወደ ከተማው ክሊኒክ ወሰዳት። ክሊኒኩ አንድ ክፍል ነው፤ በሽተኛ የሚያየው ድሬሰሩ ካሴ ይባላል። ገበያተኛው በር ላይ ተኮልኩሎ ነበር፤ ካሴ ግን ይታይሽን ገና ሲያያት ከሰልፍ አውጥቶ አስገባት። ጀርባዋን አዳመጠ፤ ተንፍሺ፣ ያዢ፣ ተንፍሺ አላት። ከስንት ጊዜ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀ። ይታይሽ ስትነግረው «ያን ጊዜ ብትመጪ…» ብሎ ጀመረና የቸኮልን ፊት አይቶ ቀሪውን ዋጠው። ወረቀት ጻፈ። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት እንጂ እዚህ የሚሠራ ነገር የለም፤ እህል ሊጭን የመጣ መኪና አለ፤ ገበያው ሲበተን ይሄዳል፤ ዛሬውኑ ሂዱ አለ። ስንት ጊዜ ትቆያለች? ስድስት ወርም ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም። ልጅ ይዞ መሄድስ? አይሆንም፤ ልጅቷ አጠገቧ እንዳትደርስ። ከዚያ ብርቄን ከመሪጌታ እጅ አስመጥቶ እሷንም አዳመጣት። ብርቄ ደግሞ የማዳመጫውን ጫፍ ይዛ የካሴን ሆድ አዳመጠችና «ርቦሃል» አለችው። ካሴ ሳቀ። ቸኮል በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ የተናገረችው ሳያስቀው ቀረ፤ ጆሮው ያለው ካሴ በሚናገረው ላይ ነበር። የልጅቷ ደረት ንጹሕ ነው፤ ለጊዜው ንጹሕ ነው አለ።

ገብሬ የስፌት መኪናውን ለመግዛት ብዙ አልተከራከረም፤ ግማሹን ዋጋ ጠራ፤ ቸኮልም አልተከራከረም። ሁለት ተሸካሚዎች መኪናውን ከበረንዳው ወደ ሱቁ ውስጥ ሊያስገቡ ሲያነሡት አስካለ ከቤት መጣች። ቸኮል ልትጮኽ ነው፣ በሬዎቼን ልትል ነው ብሎ ጠበቃት። አስካለ አንድ ጨርቅ ፈታችና የመኪናውን ዘይት ማንቆርቆሪያ፣ ትርፍ መርፌዎቹንና ሁለት ማጠንጠኛ አውጥታ ገብሬ ባንኮኒ ላይ አስቀመጠች። «ይኼም የሱ ነው። ጎደለ እንዳትሉ» አለች። የወንድሟን ፊት ሳታይ ልጅቷን አዝላ ወጣች።

የጭነት መኪናው የቆመው ከገበያው በታች ነበር። ገብስና ስንዴ እስከ አፉ ተጭኖ፣ ከጆንያው በላይ ደግሞ ሰው ተጭኖ። ይታይሽን ከዳር አስቀመጧት። ቸኮል አጠገቧ ወጣ። አስካለ ልጅቷን ይዛ ከመኪናው አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች፤ ይህንንም ርቀት ማንም አልነገራትም። ብርቄ ከጀርባዋ ወርዳ መሬት ላይ ቆማ ነበር። የሚያውቋት ገበያተኞች ሁሉ ዙሪያዋን ናቸው።

«እማ! የት ነሽ?» ብላ ጮኸች፤ የት ነሽ ማለቷ የት ትሄጃለሽ ነው።

«ደብረ ታቦር ልሄድ ነው፣ ሆዴ። ቶሎ እመጣለሁ።»

ብርቄ ነገሩን መዘነችው። እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። «ሂጂ በይ» አለች። «እኔ ሥራ አለኝ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩ ራሱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሳቀ። ይታይሽም ሳቀች። ቸኮል ያንን ሳቅ ከኅዳር ወዲህ አልሰማውም ነበርና ደስታም ድንጋጤም ያዘው። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ወደ ሳል ተለወጠ። ፊቷን የምታዞርበት ግድግዳ አልነበረም። ከሁሉ በላይ፣ ከጆንያው ጫፍ ላይ፣ ገበያው ሁሉ እያያት በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳለች፤ ነጠላው ቀላ። ሰዉ አንድ በአንድ ዝም አለ። አጠገቧ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ሳይነጋገሩ ወዲያ ተጠጉ።

ዝም ያላለችው ብርቄ ብቻ ነበረች፤ ሁሉም ለምን እንዳቆመ አልገባትምና «እኔ ሥራ አለኝ» አለች እንደገና፣ ከመጀመሪያው ከፍ አድርጋ። ማንም አልሳቀም። ሞተሩ ተነሣ። መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው የደነገጠችው። እጆቿን ከኋላዋ ፈታች፤ ሮጠች፤ አስካለ ከመንገዱ አፈፍ አደረገቻት። አፏ ሲከፈት ይታያል፤ የምትለውን ግን በሞተሩ ድምፅ ምክንያት ቸኮልም ይታይሽም አልሰሙም።

ከከተማው ወጥተው ቁልቁለቱን ጀመሩ። አቧራው ከኋላቸው ይነሣል። ከተማው ከዓይን ከራቀ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ብቻ ታየ፤ በኋላም እሱም ጠፋ። ይታይሽ ነጠላዋን አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችና፣ ስለ አዝመራ እንደምትጠይቅ ሁሉ በረጋ ድምፅ፣ «የዚህ ዕድሜ ልጅ ሰው ሳታይ ስንት ወር ድረስ ታስታውሳለች?» አለችው።

ቸኮል ስለ ብርቄ የማያውቀው ነገር አልነበረም። ስንት ጥርስ እንዳላት፣ በየትኛው ጎኗ እንደምትተኛ፣ የትኛውን ዶሮ እንደምትወድ ያውቃል። ይህን ግን አያውቅም። «ታስታውስሻለች» አለ።

«ምኔን?»

አፉን ከፈተ። ከኅዳር በፊት የነበረውን ሊነግራት ፈልጎ ነበር፤ ጡት እንዴት ታጠባት እንደነበረ፣ ገላዋን ስታጥባት ምን እያለች እንደምታጫውታት፣ አንገቷ ሥር ስትስማት ልጅቷ እንዴት ትንፈራፈር እንደነበረ። ግን ያ ሁሉ የሆነው ብርቄ በወጉ አፍ ሳትፈታ ነው። አፍ ከፈታች ወዲህ ያየችውን ደግሞ ዛሬ ረፋዱ ላይ በገብሬ በረንዳ ለሰው ሁሉ አሳይታለች። ይታይሽ መልሱን እየጠበቀች ታየዋለች። ቸኮል እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ፤ ልትነጥቀው ሞከረች፣ አልለቀቃትም።